የሐዋይ ሕዝብና ጽሕፈት፤ ከ1820 እስከ 1898

መግቢያ

ስለ ሐዋይ ደሴቶች ታሪክ በእንግሊዝኛ የተጻፉት መጻሕፍት ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህም አብዛኞቹ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ አንድ ነገር ደጋግመው ይናገሩ ነበር፤ ይኸውም በ1893 የሐዋይ ንግሥት ከዙፋናቸው ሲወርዱ፥ በ1898ም አገሪቱ ወደ አሜሪካ ስትጠቃለል፥ ሕዝቡ ነገሩን በዝምታ ተቀበለው የሚል ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ አባባል እውነት አለመሆኑን ማሳየት፥ ቀጥሎም እንዲህ ያለ ስሕተት ያን ያህል ዘመን ሳይታረም ለምን እንደ ቆየ መመርመር ነው።

ለሁለቱም ጥያቄዎች መልሱ የሚገኘው በአንድ ስፍራ ነው ብዬ አምናለሁ። የሐዋይ ሕዝብ ከ1820 ወዲህ በገዛ ቋንቋው ማንበብና መጻፍ ተማረ፤ በዚህም ጽሕፈት ሕግ አወጣበት፥ ጋዜጣ አሳተመበት፥ በመጨረሻም አቤቱታውን አሰማበት። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በተለይ የጽሕፈትን ነገር ይከተላል። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. አገሩና የጥንቱ ሥርዓት

የሐዋይ ደሴቶች በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል፥ ከሰሜን አሜሪካ ጠረፍ ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይገኛሉ። ከባሕር ሥር በፈነዳ እሳተ ገሞራ የተሠሩ ተራራማ ደሴቶች ሲሆኑ፥ ዋና ዋናዎቹ ስምንት ናቸው። ትልቁ ደሴት ሐዋይ ስሙን ለሁሉም ሰጥቷል፤ ዋናው ከተማ ሆኖሉሉ ግን የሚገኘው ኦአሁ በሚባለው ደሴት ላይ ነው።

ወደዚህ አገር መጀመሪያ የገቡት ሰዎች ፖሊኔዥያውያን ናቸው። ሁለት ታንኳዎችን ጎን ለጎን አጣምረው በሠሩት ባለ ሸራ ጀልባ፥ ዘራቸውንና እንስሶቻቸውን ጭነው፥ ከደቡብ ደሴቶች ተነሥተው የደረሱት ከ1000 እስከ 1200 ባለው ጊዜ ውስጥ መሆኑን የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት ይገምታሉ። ኮምፓስ አልነበራቸውም። የከዋክብትን መውጫና መግቢያ፥ የማዕበሉን አቅጣጫ፥ የባሕር ወፎችን አበራረር እያዩ ይመሩ ነበር። አንዳንድ ጸሐፊዎች እነዚህ ሰዎች በነፋስ ተገፍተው በአጋጣሚ የደረሱ ናቸው ሲሉ ኖረዋል። ነገር ግን በ1976 በጥንቱ ዓይነት የተሠራች ሆኩሌአ የተባለች ጀልባ፥ ማው ፒያይሉግ በተባሉ የሳታዋል ደሴት ተወላጅ መሪነት፥ ያለ አንዳች መሣሪያ ከሐዋይ ተነሥታ ታሂቲ ስለ ደረሰች፥ ጉዞው በዕውቀት ሊደረግ እንደሚችል ተረጋገጠ።

የሕዝቡ ዋና ምግብ ጎደሬ ነበር። በአገራችን በደቡብና በምዕራብ የሚበቅለው ጎደሬም ይኸው ተክል ነው። የሐዋይ ሰዎች ግን ከወንዝ ውሃ በቦይ እየጠለፉ፥ በግድብ በታጠረ እርሻ ውስጥ ያበቅሉት ነበር፤ ሥሩንም አብስለው ከወቀጡ በኋላ በውሃ ለውሰው ፖይ የተባለውን ምግብ ይሠሩበታል። አፈ ታሪካቸው እንደሚናገረው፥ ዋኬአ የተባለው የሰማይ አባት የመጀመሪያ ልጁ ሞቶ ተወለደ፤ ሕፃኑ ከተቀበረበትም ስፍራ ጎደሬ በቀለ። ሁለተኛው ልጅ ሃሎአ ግን በሕይወት ተወልዶ የሰዎች አባት ሆነ። እንግዲህ ጎደሬ ለሰው ልጅ ታላቅ ወንድሙ ነው ማለት ነው፤ ታላቁ ታናሹን ይመግባል፥ ታናሹም ታላቁን ይንከባከባል። ይህን እምነት ያላወቀ ሰው፥ በኋላ መሬቱ በተወሰደ ጊዜ ሕዝቡ ያዘነውን ኀዘን መጠን ሊረዳው አይችልም።

መሬቱ የሚከፈለው አሁፑአአ በሚባል ስልት ነበር። አንዱ አሁፑአአ ከተራራው ራስ ጀምሮ በሸለቆው በኩል ወርዶ እስከ ባሕሩ ጠረፍ የሚደርስ ሲሆን፥ በዚያ የሚኖረው ሕዝብ ከደኑ እንጨት፥ ከሸለቆው ጎደሬ፥ ከባሕሩ ዓሣ ያገኝ ነበር። ምድሪቱ የአለቆች ስትሆን፥ በያንዳንዱ አሁፑአአ ላይ ኮኖሂኪ የሚባል እንደ ምስለኔ ያለ ሹም ይሾምበታል። ገበሬው ለአለቃው ግብር ይገብራል፥ በጉልበቱም ይሠራል። ነገር ግን መሬት የሚሸጥ የሚለወጥ ነገር አልነበረም፤ ገበሬውም አለቃው ቢከፋበት ለቆ ወደ ሌላ አለቃ ሄዶ መኖር ይችል ነበር።

ይህን ሁሉ የሚጠብቀው ካፑ የሚባለው የእርም ሕግ ነው። ወንድና ሴት በአንድ ገበታ አይቀርቡም፤ የዐሣማ ሥጋ፥ ኮኮናትና አብዛኛው የሙዝ ዓይነት ለሴቶች እርም ነበር። ከባድ የሆነውን እርም ያፈረሰ ሰው በሞት ይቀጣል።

ጽሕፈት አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ የትውልድ ሐረግን፥ ጸሎትንና የአለቆችን ታሪክ ቃል በቃል የሚይዙ የተማሩ ሰዎች ነበሩዋቸው። ኩሙሊፖ የተባለው የትውልድ ዝማሬ ብቻ ከሁለት ሺህ ስንኝ በላይ አለው፤ ዓለም ከጨለማ እንዴት እንደ ወጣ፥ ፍጥረት ከባሕር ታናናሽ ነፍሳት ጀምሮ እስከ ሰው፥ ከሰውም እስከ አለቆች ቤት እንዴት እንደ ደረሰ ይተርካል። ሁላ የሚባለውም ውዝዋዜ ለመደሰቻ ብቻ ሳይሆን ዝማሬውን በእጅና በእግር የሚያስረዳ የትምህርት መንገድ ነበር። እንግዲህ ፊደል የመጣው ማስታወስን ለለመደ፥ ቃልንም ለሚያከብር ሕዝብ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

2. የጥንቱ ሥርዓት መፍረስ

እንግሊዛዊው ካፒቴን ጄምስ ኩክ በጥር 1778 ወደ ካዋይ ደሴት ደረሰ፤ በሚቀጥለው ዓመት በየካቲት ወር በኬአላኬኩአ ወደብ በተነሣ ጠብ ተገደለ። ከእርሱ በኋላ መርከቦች መመላለስ ጀመሩ፤ ጠመንጃና ብረት አመጡ፥ በሽታም አመጡ።

ከጠመንጃው ከሁሉ ይልቅ የተጠቀሙበት የሐዋይ ደሴት አለቃ የነበሩት ካሜሃሜሃ ናቸው። በ1795 በኦአሁ ደሴት በኑኡአኑ ጦርነት ድል አደረጉ፤ በ1810ም የካዋይ ንጉሥ ያለ ጦርነት ስለ ገበሩላቸው ደሴቶቹ ሁሉ በአንድ ንጉሥ ሥር ሆኑ። ታላቁ ካሜሃሜሃ በ1819 ሲሞቱ ልጃቸው ሊሆሊሆ ነገሡ። በዚያው ዓመት ወጣቱ ንጉሥ፥ እናታቸው ኬኦፑኦላኒና ከሟቹ ንጉሥ ሚስቶች ዋናዋ ካአሁማኑ በመከሩት መሠረት፥ በሕዝብ ፊት ከሴቶች ጋር በአንድ ገበታ ተቀምጠው በሉ። በዚህ አንድ ምሳ ካፑ ፈረሰ። የጥንቱን አምልኮ ሊጠብቅ የተነሣው የንጉሡ ዘመድ ኬኩአኦካላኒ በኩአሞኦ ጦርነት ተሸንፎ ሞተ። ይህ ሁሉ የተደረገው ከሚሲዮናውያን አንድ እንኳ ገና ደሴቶቹን ሳይረግጥ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በሽታው ግን ከጦርነቱ ይልቅ ብዙ ሰው ፈጀ። የአባለ ዘር በሽታ፥ ኩፍኝ፥ ትክትክ፥ ፈንጣጣ ከዚያ በፊት ያልታወቁ ስለ ነበሩ ሕዝቡን በጅምላ ጨረሱት። ንጉሥ ሊሆሊሆና ንግሥቲቱ ራሳቸው በ1824 ወደ ለንደን ሄደው ሳሉ በኩፍኝ ሞቱ። ኩክ በደረሰበት ጊዜ የሕዝቡ ቁጥር ስንት እንደ ነበረ ሊቃውንቱ ይከራከሩበታል፤ አንዳንዶቹ ከ200,000 በላይ፥ ሌሎቹም እስከ 800,000 ያደርሱታል። በ1832 በተደረገው ቆጠራ 130,000 ያህል ሆነ። በ1890 የተገኙት የሐዋይ ተወላጆች፥ ከሌላ ዘር ጋር የተዋለዱት እንኳ ተጨምረው፥ 40,000 ያህል ብቻ ናቸው። ከዚህ በኋላ የሚነገረው ታሪክ ሁሉ እየሞተ ያለ ሕዝብ የሠራው ሥራ ነው።

3. የፊደል መግባት

ኦፑካሃኢያ የተባለ የሐዋይ ወጣት በመርከብ ወደ አሜሪካ ሄዶ፥ በኮኔቲከት አገር በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲማር በ1818 ሞተ። የእርሱ ታሪክ በአሜሪካ ፕሮቴስታንቶች ዘንድ ብዙ ሰው ስላነሣሣ፥ በ1819 ታዴዎስ በተባለች መርከብ የመጀመሪያዎቹ ሚሲዮናውያን ከቦስተን ተነሥተው በ1820 ሐዋይ ደረሱ። የማተሚያ መኪናም ይዘው ነበር። በጥር 1822 የመጀመሪያው የንባብ ወረቀት በሐዋይ ቋንቋ ታተመ።

ቋንቋውን በላቲን ፊደል ለመጻፍ አንዳንድ ችግር ነበረ። ለምሳሌ አንዱን ድምፅ አንዳንዱ ሰው ኬ፥ ሌላው ቴ ብሎ ይሰማዋል፤ ኤልና አር የሚባሉትም እንደዚሁ ይምታቱ ነበር። በ1826 ሚሲዮናውያኑ ተማክረው ትርፍ የሆኑትን አስወገዱና አምስት አናባቢና ሰባት ተነባቢ፥ በጠቅላላው ዐሥራ ሁለት ፊደል ብቻ አስቀሩ። በዚህ ቋንቋ እያንዳንዱ ቃል በአናባቢ ስለሚያልቅና ፊደሉም ጥቂት ስለ ሆነ ለመማር ቀላል ሆነ።

አለቆቹ መጀመሪያ ለራሳቸው ተማሩ፤ ቀጥሎም ሕዝቡ እንዲማር አዘዙ። በተለይ ካአሁማኑ በመንደሩ ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲከፈት አደረጉ። አስተማሪዎቹ በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ሳይሆኑ ትናንት ፊደል የቆጠሩ የአገሩ ተወላጆች ነበሩ። ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ ሕፃናት ሳይሆኑ ጎልማሶችና ሽማግሌዎች ናቸው። በ1831 ግድም በትምህርት ላይ የነበረው ሰው ወደ 50,000 ይደርስ ነበር። በዚያው ዓመት በማዊ ደሴት የላሃይናሉና ትምህርት ቤት ተመሠረተ፤ በ1834ም በዚሁ ትምህርት ቤት በደሴቶቹ የመጀመሪያ የሆነው ጋዜጣ በሐዋይ ቋንቋ ታተመ። መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ ተተርጉሞ ያለቀው በ1839 ነው።

ከላሃይናሉና ተማሪዎች መካከል ሁለቱን መጥቀስ ይበቃል። ዳቪዳ ማሎ በጥንቱ ሥርዓት ያደጉ፥ ፊደልንም ካደጉ በኋላ የቆጠሩ ሰው ሲሆኑ፥ የአባቶቻቸውን ልማድና እምነት በመጽሐፍ አሰፈሩ። እኒሁ ሰው በ1837 በጻፉት ደብዳቤ፥ ትልቅ ዓሣ ከጥልቁ ባሕር ወጥቶ ትንንሾቹን እንደሚውጥ፥ ታላላቆቹ መንግሥታትም ትንሿን አገር ሊውጧት እንደሚችሉ አለቆቹን አስጠነቀቁ። ሳሙኤል ካማካው ደግሞ ከ1866 ጀምሮ ለብዙ ዓመት የሐዋይን ታሪክ በጋዜጣ በተከታታይ ጻፉ። ሁለቱም በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሩ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ በትምህርታቸው ግን ያገራቸውን ነገር ለመጠበቅ ተጠቀሙበት። የሚሲዮን ትምህርት ተማሪውን ከወገኑ ብቻ ይለያል የሚል አሳብ ላለው ሰው እነዚህ ሁለት ጸሐፊዎች በቂ መልስ ይመስሉኛል።

ጋዜጦቹም በዙ። በ1861 በሐዋይ ተወላጆች እጅ ብቻ የሚመራ የመጀመሪያው ጋዜጣ ወጣ፤ ስሙም “የሰላማዊ ውቅያኖስ ኮከብ” ማለት ነው። ከ1834 ጀምሮ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ በሐዋይ ቋንቋ የታተሙት ጋዜጦች ከመቶ ይበልጣሉ፥ ገጻቸውም 125,000 ያህል ይሆናል። በውስጣቸው የመንግሥት ክርክር፥ የገበያ ዋጋ፥ የሟች ልቅሶ ግጥም፥ የጥንት ተረትና የአንባቢ ደብዳቤ ይገኛል።

4. ሕግ፥ ነጻነትና መሬት

ጽሕፈት ለመንግሥቱ ጥቅም የሰጠው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፥ በንጉሥ ካሜሃሜሃ ሣልሳዊ ዘመን በ1839 የሕዝብ መብት የሚገልጽ ዐዋጅ፥ በ1840ም ሕገ መንግሥት ወጣ። ሁለተኛ፥ በጽሑፍ በታሰረ ሕግ የሚተዳደር መንግሥት መሆኑን አሳይቶ በሌሎች መንግሥታት ዘንድ ዕውቅና ለመጠየቅ ቻለ። በየካቲት 1843 አንድ የእንግሊዝ መርከብ አዛዥ ደሴቶቹን በጉልበት ቢይዝ፥ ንጉሡ ለእንግሊዝ መንግሥት አቤት ብለው አገራቸው በሐምሌ ወር መጨረሻ ተመለሰችላቸው። በኅዳር 28 ቀን 1843 እንግሊዝና ፈረንሳይ የሐዋይን ነጻነት በጋራ መግለጫ ዐወቁ። ይህ ቀን በሐዋይ የነጻነት በዓል ሆኖ ሲከበር ቆይቷል።

ነገር ግን ያው ወረቀት ለመሬቱ ጠላት ሆነ። ንጉሡና አማካሪዎቻቸው፥ ከእነዚህም ብዙዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ፥ መሬት በግል ርስትነት ቢከፈል ባዕድ መንግሥት ቢመጣ እንኳ የባለርስቱ መብት ይጠበቃል ብለው አሰቡ። ስለዚህ በ1848 ማሄሌ የተባለው የመሬት ክፍፍል ተደረገ፤ መሬቱ ለንጉሡ፥ ለመንግሥቱና ለአለቆቹ ተደለደለ። በ1850 ደግሞ ሁለት ሕግ ወጣ። አንዱ ለውጭ አገር ሰዎች መሬት የመግዛት መብት ሰጠ፤ ሁለተኛው ገበሬው ያረሰውን ቦታ በርስትነት እንዲያገኝ ፈቀደ።

የገበሬው ሕግ ሲያዩት መልካም ይመስላል። ነገር ግን ባለይዞታው በተወሰነው ቀን ማመልከቻ መጻፍ፥ ምስክር ማቅረብ፥ መሬቱንም በቀያሽ ማስለካት ነበረበት። ደግሞም የተፈቀደለት ያረሰው ቦታና የቤቱ ስፍራ ብቻ ነው፤ የደኑና የባሕሩ ጥቅም እንደ ጥንቱ ከመሬቱ ጋር ተያይዞ አልቀረም። ከዚህም በላይ በ1848ና በ1849 ኩፍኝና ትክትክ ብዙ ሺህ ሰው የገደሉበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ርስት ያገኙት ገበሬዎች ከ8,000 ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ የያዙትም በጠቅላላው ከ30,000 ኤክር ያነሰ፥ ማለት ከአገሩ መሬት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ነው።

ሕዝቡ ይህን አስቀድሞ አላየም ነበር ማለት አይቻልም። በ1845 ከላሃይናና ከሌሎችም ስፍራዎች የተጻፉ አቤቱታዎች ለንጉሡ ቀርበዋል። በእነዚህም ውስጥ የውጭ አገር ሰዎች በመንግሥት ሹመት እንዳይሾሙ፥ መሬትም እንዳይሸጥላቸው ሕዝቡ ለምኗል። እንግዲህ አቤቱታ ጽፎ መፈረም በ1897 ድንገት የመጣ ነገር ሳይሆን ከግማሽ መቶ ዓመት በፊት የተለመደ ነበር።

5. ሸንኮራ አገዳና የመንግሥቱ መውደቅ

መሬቱ የሚሸጥ ከሆነ በኋላ የገዙት በአብዛኛው የሸንኮራ አገዳ ባለ እርሻዎች ናቸው። በ1875 በተደረገው ውል የሐዋይ ስኳር ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲገባ ስለ ተፈቀደ እርሻው እጅግ ሰፋ። ለእርሻውም ሠራተኛ ከቻይና፥ ከጃፓንና ከፖርቱጋል ይመጣ ጀመር። የጎደሬው ውሃ ወደ ሸንኮራው ተጠለፈ፤ ተወላጁም በገዛ አገሩ በቁጥር አናሳ ሆነ።

በ1874 የተመረጡት ንጉሥ ካላካኡአ ይህን ለማቃናት ደከሙ። በ1881 ዓለምን ዞረው ጎበኙ፤ በ1882 የኢኦላኒ ቤተ መንግሥት ተሠርቶ አለቀ። ብዙ ዘመን የተናቀውን ሁላ በ1883 በዘውድ በዓላቸው ላይ በአደባባይ እንዲታይ አደረጉ። ነገር ግን በ1887 የታጠቁ ነጮች አስገድደዋቸው አዲስ ሕገ መንግሥት ፈረሙ። ይህም ሕግ የንጉሡን ሥልጣን ከመቀነሱ በላይ፥ ለላይኛው ምክር ቤት መምረጥ የሚችለው ሀብት ያለው ሰው ብቻ እንዲሆን ስላደረገ ከተወላጆቹ ብዙዎቹ ድምፃቸውን አጡ፤ እስያውያን ደግሞ ፈጽሞ ተከለከሉ።

እኅታቸው ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ በ1891 ነገሡ። ሕዝቡ በአቤቱታ ስለ ለመናቸው በጥር 1893 አዲስ ሕገ መንግሥት ለማወጅ ተነሡ። በዚህ ምክንያት ዐሥራ ሦስት ሰዎች የሚገኙበት ኮሚቴ ተቋቁሞ ንግሥቲቱን ለማውረድ መከረ። የአሜሪካው ሚኒስትር ጆን ስቲቨንስም ቦስተን ከተባለችው የጦር መርከብ ከ160 በላይ ወታደሮች ወደ ከተማው እንዲወርዱ አደረገ። በጥር 17 ቀን 1893 ንግሥቲቱ ደም እንዳይፈስ ብለው፥ ሥልጣናቸውን ለአማፅያኑ ሳይሆን ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ለአሜሪካ መንግሥት የሚለቁ መሆናቸውን በጽሑፍ ተቃውመው ለቀቁ። በአገሪቱ ታሪክ ይህ የተቃውሞ ወረቀት ትልቅ ስፍራ አለው።

ፕሬዚደንት ክሊቭላንድ ነገሩን አስመርምረው የተደረገው በደል መሆኑን በታኅሣሥ 1893 ለኮንግሬስ አስታወቁ። ነገር ግን ንግሥቲቱ ወደ ዙፋናቸው አልተመለሱም። በሐምሌ 1894 አማፅያኑ ሳንፎርድ ዶልን ፕሬዚደንት አድርገው ሪፑብሊክ አቋቋሙ። በ1895 የንግሥቲቱ ወገኖች ተነሥተው ስለ ተሸነፉ ንግሥቲቱ በገዛ ቤተ መንግሥታቸው በአንዲት ክፍል ውስጥ ታሰሩ። ኩሙሊፖን ወደ እንግሊዝኛ የመተርጐም ሥራ በእስር ቤት ጀምረው በ1897 አሳተሙት። መንግሥታቸው ሲጠፋ የሕዝባቸውን የትውልድ ሐረግ ለዓለም ለማስነበብ መረጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። ፕሬዚደንት ዶል የሚሲዮናውያን ልጅ ነበር። የ1887ቱንም ሆነ የ1893ቱን አድማ ከመሩት ዋናው ሎሪን ተርስተን ደግሞ በ1820 በታዴዎስ መርከብ የመጣው የሚሲዮናዊው አሳ ተርስተን የልጅ ልጅ ነው። አያትየው ፊደል አስተማረ፤ የልጅ ልጁ በዚያ ፊደል የተጻፈውን ሕገ መንግሥት ሻረ። ከዚህ ተነሥቶ የመጀመሪያዎቹ መምህራን ሁሉ ለዚሁ ተንኰል መጡ ማለት ታሪክን ማጣመም ነው፤ ልጆቻቸው መሬትና ስኳር በያዙ ጊዜ ጥቅማቸው ከሕዝቡ ጥቅም ተለየ ማለት ግን ይቻላል።

6. የ1897ቱ አቤቱታ

በ1897 ፕሬዚደንት ማኪንሊ ሐዋይን ወደ አሜሪካ የሚያጠቃልል ውል ተፈራርመው ለሴኔት አቀረቡ። ውሉ እንዲጸና ከሴኔቱ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። የአገር ፍቅር ማኅበር ተብሎ ሊተረጐም የሚችለው ሁዊ አሎሃ አይና የተባለው ድርጅት፥ የወንዶችና የሴቶች ክፍሎቹ በየደሴቱ እየዞሩ የሕዝቡን ፊርማ ሰበሰቡ። የሴቶቹ ክፍል መሪ ወይዘሮ አቢጌል ኩአይሄላኒ ካምቤል ነበሩ። የተሰበሰበው ወረቀት 556 ገጽ፥ ፊርማውም 21,269 ሆነ። የተወላጆቹ ቁጥር በጠቅላላው 40,000 ያህል መሆኑን ካስታወስን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሕዝብ ፈረመ ማለት ነው። ሌላ ማኅበር ደግሞ ንጉሣዊው መንግሥት እንዲመለስ የሚጠይቅ ወደ 17,000 የሚጠጋ ፊርማ ሰብስቧል።

እነዚህ ወረቀቶች በሐዋይ ቋንቋና በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። እያንዳንዱ ሰው ስሙንና ዕድሜውን አስፍሯል። አባት ከልጁ፥ አያት ከልጅ ልጇ ጋር ተከታትለው የፈረሙባቸው ገጾች ይገኛሉ። ከሰባ ሰባት ዓመት በፊት በዚያ አገር ስሙን ሊጽፍ የሚችል ሰው እንዳልነበረ ስናስብ፥ የወረቀቱ ክብደት ይሰማናል።

ጄምስ ካውሊያ፥ ዴቪድ ካላኡኦካላኒ፥ ጆን ሪቻርድሰንና ዊልያም ኦልድ የተባሉ አራት መልክተኞች ወደ ዋሽንግተን ሄደው አቤቱታውን ለሴኔት አቀረቡ። ንግሥቲቱም በዚያው ነበሩ። በ1898 መጀመሪያ ውሉ የሚያስፈልገውን ድምፅ እንደማያገኝ ተረጋገጠ። በርግጥ ይህን ያደረገው አቤቱታው ብቻ አይደለም፤ የሐዋይን ስኳር ውድድር የፈሩ አሜሪካውያን ባለ እርሻዎችም ውሉን ይቃወሙ ነበር። ነገር ግን ሕዝቡ ፈቅዷል ብሎ መከራከር ከእንግዲህ የማይቻል ሆነ።

ከዚያ በኋላ አሜሪካ ከእስጳንያ ጋር ጦርነት ገጠመች፤ በፊሊፒን ለሚዋጋው ጦር ሐዋይ መንገድ ላይ ያለች ጣቢያ ሆና ታየች። ስለዚህ መንግሥቱ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ የሚጠይቀውን ውል ትቶ፥ ከግማሽ የሚበልጥ ድምፅ ብቻ በሚበቃው በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ውሳኔ አገሪቱን ጠቀለለ። ውሳኔው በሐምሌ 7 ቀን 1898 ተፈረመ፤ በነሐሴ 12 ቀን በኢኦላኒ ቤተ መንግሥት የሐዋይ ሰንደቅ ዓላማ ወርዶ የአሜሪካው ተሰቀለ። 1.8 ሚሊዮን ያህል ኤክር የዘውድና የመንግሥት መሬትም ወደ አሜሪካ መንግሥት ተላለፈ።

7. የቋንቋው ዕጣ

አቤቱታው የት ደረሰ? በዋሽንግተን በመንግሥቱ መዝገብ ቤት ተቀመጠ። የተደበቀ አልነበረም፤ የሚፈልገው ግን ጠፋ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ቢሉ፥ መልሱ በ1896 የወጣ አንድ ሕግ ነው። የሪፑብሊኩ መንግሥት በዚያ ዓመት በትምህርት ቤት ሁሉ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ እንዲሆን ወሰነ። ከዚያ ወዲያ ያደጉ ልጆች በትምህርት ቤት የአባታቸውን ቋንቋ ሲናገሩ ይቀጡ ነበር። ወላጆችም ለልጆቻቸው ኑሮ አስበው በቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ መናገር ጀመሩ። በሁለትና በሦስት ትውልድ ውስጥ የ125,000 ገጽ ጋዜጣ አንባቢ አጣ። ታሪክ ጸሐፊዎቹም እንግሊዝኛውን ብቻ አንብበው፥ በእንግሊዝኛው ውስጥ የተወላጁን ተቃውሞ ስላላገኙ፥ ሕዝቡ ዝም አለ ብለው ጻፉ። ዝም ያለው ሕዝቡ አልነበረም፤ የሕዝቡን ቋንቋ የሚያነብ ሰው ነው የጠፋው።

ነገሩ መለወጥ የጀመረው በ1970ዎቹ ነው። ሐዋይ በ1959 የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ከሆነች በኋላ፥ በ1978 በተደረገው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሐዋይ ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ጋር የክፍለ ግዛቱ ሕጋዊ ቋንቋ ሆነ። ኒኢሃው ከሚባለው ትንሽ ደሴት በቀር ቋንቋውን አፋቸውን የፈቱበት ልጆች ከሐምሳ ያነሱ ነበሩ ሲባል፥ በ1984 ፑናና ሌኦ፥ ማለት “የቋንቋ ጎጆ” የተባለው የሕፃናት ትምህርት ቤት በካዋይ ደሴት ተከፈተ። በ1986 የቀድሞው ክልከላ ተነሣ፤ በ1987ም በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በሐዋይ ቋንቋ ማስተማር ተጀመረ። ዛሬ በዚህ ቋንቋ ከሕፃናት ትምህርት ቤት እስከ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወጣቶች አሉ።

ከእነዚህ አዲስ አንባቢዎች መካከል ነው ኖኤኖኤ ሲልቫ የተባሉት ሊቅ የተነሡት። በ1990ዎቹ በዋሽንግተን መዝገብ ቤት የ1897ቱን አቤቱታ አግኝተው ለሕዝብ አስታወቁ። በ1998 ግልባጩ በሐዋይ ለሕዝብ ሲታይ፥ ሰዎች መጥተው የአያትና የቅድመ አያቶቻቸውን ፊርማ በየገጹ ይፈልጉ ነበር። ብዙ ቤተሰብ ቅድመ አያቱ አገሩን እንደ ሸጠ ወይም ቸል እንዳለ ሲነገረው የኖረ ስለ ነበር፥ ስማቸውን ማግኘቱ ለእርሱ ተራ ነገር አልሆነም። የአሜሪካ ኮንግሬስም በ1993 የ1893ቱን ድርጊት በሚመለከት ይቅርታ የሚጠይቅ ውሳኔ አውጥቶ ነበር፤ መሬቱን ግን አልመለሰም።

መደምደሚያ

ከላይ ከተነገረው ሦስት ነገር ለመረዳት ይቻላል። አንደኛ፥ ጽሕፈት ብቻውን አገርን ሊጠብቅ አይችልም። የሐዋይ ሕዝብ ሕገ መንግሥት፥ የታወቀ ነጻነት፥ በርካታ ጋዜጦችና ከሃያ ሺህ በላይ ፊርማ ነበረው፤ ነገር ግን በሽታ ቁጥሩን ስለ ቀነሰው፥ መሬቱም ከእጁ ስለ ወጣ፥ የጦር መርከብ ያለው አሸነፈው። ሁለተኛ፥ ጽሕፈት ማንም በቀላሉ የማያጠፋውን ምስክርነት ይጠብቃል፤ ንግሥቲቱ የጻፉት ተቃውሞና ሕዝቡ የፈረመው አቤቱታ ዛሬም ይነበባል። ሦስተኛ፥ ይህ ምስክርነት የሚናገረው ቋንቋውን የሚያውቅ አንባቢ ሲኖር ብቻ ነው። መቶ ዓመት ያህል አቤቱታው በመዝገብ ቤት፥ ጋዜጦቹም በየቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጠው ነበር፤ ታሪኩ ግን ያለ እነርሱ ተጻፈ።

ስለ አንድ ሕዝብ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ተማሪ ሁሉ ከዚህ ምሳሌ ሊወስድ የሚገባው ነገር ይኸው ይመስለኛል። አንድ ሕዝብ ዝም ብሏል ብለን ከመፍረዳችን በፊት፥ በገዛ ቋንቋው የጻፈውን ፈልገን አንብበናል ወይ ብለን ራሳችንን መጠየቅ አለብን። የሐዋይ ጋዜጦች አብዛኛው ክፍል እስከ አሁን ወደ ሌላ ቋንቋ አልተተረጐመም፤ ስለዚህ የዚህ ሕዝብ ታሪክ ገና ብዙ የሚጨመርበት ነው።